በፎገራ ሜዳ ሴት ውሻ ማሳደግ

ውሻ አላሳድግም ብዬ በሕይወቴ ሦስት ጊዜ ምያለሁ። ሁለቱን መሐላ አፍርሼዋለሁ፤ ሦስተኛውን እስከ ዛሬ ጠብቄዋለሁ። ወረታ የምኖርበትን ግቢ ያዩ ሰዎች «አጥርሽ እንዲህ ሳስቶ ምነው አንድ ውሻ እንኳ ብታስሪበት?» ይሉኛል። ሌባ የሚመኘው ነገር የለኝም ብዬ አልፋቸዋለሁ። እውነቱን ብናገር ግን ጉልበት የለኝም። ውሻ ማርባት ሰው ያደክማል ብል ማን ያምነኛል? ሁሉም ውሻን ሳይዘሩት የሚበቅል ነገር አድርጎ ነው የሚያየው። እኔም ድሮ እንደዚያ አስብ ነበር።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ መሬት ለአራሹ ከታወጀ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። አባቴ ከቁሐር ሚካኤል ወዲያ፣ ሜዳው መካከል ጉብ ባለች ኮረብታ ላይ ያለች የአንዲት ደብር ቄሰ ገበዝ ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ንብረትም ሥርዓትም በእሳቸው እጅ ነው። ቀድሞ ደብሩ መሬት ነበረው፣ የሚያርስላቸውም ሰው ነበረ። አዋጁ ሲመጣ መሬቱ ለገበሬ ማኅበሩ ሆነና እሳቸውም እንደማንኛውም ገበሬ ድርሻቸውን ተቀብለው ሞፈር ጨበጡ። ስልሳ ዓመት ሊሞላቸው ነበር። እኔ ሐሙሲት ከነበረው ትዳሬ ልጅ ሳልወልድ ተፋትቼ የተመለስኩት በዚያው ሰሞን ነው። እናቴ ሞታለች። ቤቱ ውስጥ የቀረነው እኔና እሳቸው፣ ሁለት በሬ፣ አንዲት ላም ከነጥጃዋ፣ እናም እናቴ ያሳደገቻቸው ሦስት ውሾች ነበርን።

የሜዳው ጅብ ቀልድ አያውቅም። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ከተበላ በቀረው አንድ በሬ ማንም አያርስም፤ አባቴ በዚያ ዕድሜያቸው ደጅ ሊጠኑ ነው። ስለዚህ በሬዎቹን የሚያኖርልን ውሻ ነበር። ያውም ማንኛውም ውሻ አይደለም። የሌላው ሰው ውሻ «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው ነው። የእናቴ ውሾች ግን ጩኸት አያበዙም። ግንባራቸው ሰፊ፣ ጭራቸው ጫፉ ላይ ነጭ ነው፤ ጅብ ሲመጣ ዝም ብለው ይሄዱበትና ከበሬው ያርቁታል። ይህ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ ጠባይ ነበር።

ችግሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ውሻ አይሸጥም፤ ይለመናል፣ ይሰጣል። የሚለመነው ግን ወንዱ ነው። ሴት ቡችላ የሚፈልግ ሰው አላየሁም። «ሴት ውሻ የአገሩን ውሻ ሁሉ ደጅህ ላይ ትሰበስባለች፣ ቤት ታረክሳለች» ይባላል። ስለዚህ ውሻ በወለደች በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ተለይተው ወንዝ ይጣላሉ። ከዚያ ሰው ሁሉ ጥሩ ውሻ ጠፋ እያለ ያማርራል። እናቴ ብቻ ውሻ በወለደች ቁጥር አንዲት ሴት ትደብቅ ነበር። ለመጣል ይዛ ትሄድና አንዷን ከብብቷ አግብታ ትመለሳለች። አባቴ ያውቁ ይሁን አያውቁ እንጃ፤ ከወር በኋላ አንዲት ቡችላ በጓሮ ስትሮጥ ሲያዩ ከየት መጣች ብለው ጠይቀው አያውቁም። ስም እንድናወጣ ግን አይፈቅዱም። «ስም በክርስትና ነው የሚወጣ» ይሉናል። በዚህ ምክንያት ውሾቻችን ሁሉ ስም የላቸውም።

በዚያ ዓመት ግንቦት ላይ ያበደ ውሻ አንዲት ሴትዮ ነከሰና ሴትዮዋ ጸበል ተወሰደች። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ውሻ ያለው ሁሉ እንዲያስር፣ ሜዳው ላይ መርዝ ያለበት ሥጋ እንደሚጣል አስነገረ። በጊዜው ነበር ያስነገረው፤ ልወቅሰው አልችልም። እኔም ሦስቱን በቃጫ ገመድ አሰርኳቸው። ሁለቱ ገመዱን በጥሰው ሄዱ። በማግሥቱ ከጅረቱ ዳር አገኘኋቸው፤ አፋቸው ውሃው ውስጥ ነው። ሰው «ደመ ከልብ ሆኖ ቀረ» የሚለው ለምን እንደሆነ ያን ቀን ገባኝ፤ ጠያቂም ከሳሽም የለም። ቀበርኳቸውና የመጀመሪያውን መሐላ ማልኩ። የቀረችው አንዲት ሴት ነበረች፤ እሷም በዕድሜዋ የገፋች፣ ሁለት ጊዜ የወለደች።

የአካባቢው ውሻ ሁሉ በመርዙ አልቆ ስለነበር ጅቡ ደፈረ። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ጥጃችንን በላብን። በማግሥቱ አባቴ ጎህ ሳይቀድ ተነሥተው አጥሩን ሲያጠብቁ አየሁ። እኔም መሐላዬን ዋጥኩት። ሰኔ መግቢያ ላይ ሴቷ ወንድ የምትሻበት ጊዜ ሲደርስ በአቅራቢያችን ወንድ የሚባል አልነበረም። ወደ ወንዛዬ ፍል ውሃ በኩል፣ መርዙ ያልደረሰበት ጥግ ላይ አንድ ሽማግሌ ግሩም ወንድ ውሻ አላቸው ሲባል ሰማሁ። በገመድ ይዣት በእግር ተነሣሁ። ፍል ውሃ ልጠመቅ የምሄድ መስዬ ነበር፤ ግን ውሻ እየጎተተ ወደ ፍል ውሃ የሚሄድ የለምና ማንም አላመነኝም። በመንገድ ያገኘኝ ሁሉ አላገጠብኝ።

«እቴ፣ እሷንም ልታጠምቂያት ነው?»

«ኧረ ተዋት፣ ሽማግሌ ልካ ስታበቃ ሙሽራይቱን እያደረሰች ነው!»

«ወይ ጉድ፣ የቄስ ልጅ ሚዜ ሆነች!»

ሁለት ቀን እዚያ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው አጥር ጥግ ላይ አጎዛ አንጥፈውልኝ ነበር፤ ደግ ሰው ናቸው። ስመለስ «እንግዲህ ጋብቻ ነው፤ ከሚወለደው አንድ ወንድ ታመጪልኛለሽ» አሉኝ። እሺ አልኩ። ደብራችን ስደርስ ወሬው ቀድሞኝ ነበርና ሊቀመንበሩም አንድ ወንድ ለመነኝ፣ ጎረቤታችንም ለመነኝ፣ ከማዶ ያሉ ሁለት ሰዎችም ለመኑኝ። ለሁሉም እሺ አልኩ። ገና ሆዷ እንኳ ሳይገፋ አምስት ወንድ ቃል ገብቼ ነበር። አንድም ሰው ሴት አልጠየቀኝም።

ከዚያ መመገቡ መጣ። የቄስ ቤት ነው፤ ጾሙ ብዙ ነው። እርጉዝ ውሻ አተላና የእንጀራ ፍርፋሪ አይበቃትም። ወተት ስሰጣት ያየች ጎረቤት «ሰው የሚያጣውን ለውሻ!» ብላ ለአባቴ ነገረችብኝ። አባቴ ጠርተው «ነውር ነው፤ ሰው እያየ አትስጫት» አሉኝ። ሰው እያየ የምትለዋን ቃል አሁን ሳስባት ብዙ ነገር ነበረባት። ያኔ ግን ቁጣ ብቻ መስሎኝ ማታ ማታ ከጎተራ ጀርባ ስሰጣት ከረምኩ።

ነሐሴ ገባ። ሜዳው በየዓመቱ ውሃ ይተኛበታል፤ በዚያ ዓመት ግን የጉማራ ወንዝ ውሃ ከቤታችን ወለል ገባ። ከሜዳው ያለ ሰው ሁሉ ከብቱን እየነዳ ቤተ ክርስቲያኗ ወዳለችበት ኮረብታ ወጣ። ከቅጥሩ ውጪ ዳስ ጥለን ሰውና ከብት ተጠጋግተን ሰነበትን። የፍልሰታ ጾም ነበር፤ በየቀኑ ይቀደሳል፣ እናቶች ሕፃናቱን ያስቆርባሉ። ውሻ ደግሞ ከቅጥሩ አያልፍም። ቤተ ክርስቲያን ውሻ ከገባባት ረከሰች ነው፤ ይህን በእኛ አገር ጡት የሚጠባ ልጅም ያውቀዋል። ስለዚህ ሴቷን ከበሩ ራቅ ብሎ ካለው ሾላ ሥር አሰርኳት። ዝናቡ አያባራም። የሾላው ሥር ጭቃ ነበር።

አንድ ቀን ወደ ማታ ላይ ማለክለክ፣ መሬት መጫር ጀመረች። ምጥ ነው። እኔ ደግሞ ከእናቴ የወረስኩት አንድ ነገር አለ፦ ምጥ ባለበት የታሰረ ነገር አይተውም። ሴት ስታምጥ መቀነቷ ይፈታል፣ የታሰረ ከረጢት ይፈታል፣ ላም ስትወልድ ገመዷ ይፈታል። ታስሮ የሚያምጥ ይሞታል ትል ነበር እናቴ። ስለዚህ ሳላስበው እጄ ሄዶ ገመዱን ፈታ። የትም አትሄድም፣ ሆዷ ከብዷል ብዬ ነበር። ያኔውኑ ላማችን ጭቃ ውስጥ ወድቃ ተጠራሁ። ላሟን ጎትተን ስናወጣ ጊዜ ወሰደ። ስመለስ ውሻዋ የለችም። ፈለግኳት፣ አጣኋት። ለአሥራ ሦስት ቀን እንቅልፍ አልጠገብኩም ነበር። ትመጣለች ብዬ ዳሱ ውስጥ ተቀመጥኩ፤ በተቀመጥኩበት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት ዲያቆኑ ለቅዳሴ የሚሆነውን ኅብስት ሊጋግር ወደ ቤተልሔም ገባ። ቤተልሔም ከቤተ ክርስቲያኑ በስተምሥራቅ ያለች፣ ኅብስቱ ብቻ የሚጋገርባት ትንሽ ቤት ናት። በሯ በዝናቡ አብጦ አልገጥም ካለ ሰንብቷል። በኮረብታው ላይ ደረቅ ወለልና የሞቀ አመድ ያለው እዚያ ብቻ ነው። ዲያቆኑ ወዲያው ወጣና ከደጃፉ ቆመ። አባቴ ሄደው ምነው አሉት። «አባ፣ ውሻ ወልዳለች» አለ። የት ብለው አልጠየቁትም።

ያን ቀን አልተቀደሰም። በማግሥቱም አልተቀደሰም። ልጅዋን ለቁርባን ብላ እህል ሳታቀምስ ያመጣች አንዲት ሴት ፊቴ መጥታ ቆመች። «የእናንተ ቤት ውሻ ካልወለደች ቀን አይነጋም?» አለችኝ። ልጁ እያለቀሰ ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከሾላው ሥር ተሰበሰቡ። ቤተልሔሟ በጸበል ትረጭ፣ ወለሏ ተፍቆ እንደገና ይመረግ፣ የሸክላው ዕቃ ሁሉ ይሰበር ተባለ። በዚህ ማንም አልተከራከረም። ውሻዋስ ሲባል «እሷም ልጆቿም ውሃ ይግቡ» አሉ አንድ ሽማግሌ። እኔ ቆሜ የማስበው በሬዎቹን ነበር፤ እሷ ከሞተች የእናቴ ውሾች ዘር ያበቃል፣ ጅቡም ያውቀዋል። ሊቀመንበሩ በዚያ ዘመን ከቤተ ክርስቲያን ደጅ መታየት አይወድም ነበር፤ ያን ቀን ግን መጥቶ ከዳር ቆሟል። ጉሮሮውን ጠረገና «ይገደሉ ከተባለ ይገደሉ። እኔ ግን አንድ ወንድ ቃል ተገብቶልኛል» አለ። ጎረቤታችንም ቀጠለ፤ «ለእኔም።» ከማዶ የመጣውም ሰው እጁን አወጣ። ውሃ ይግቡ ያሉት ሽማግሌ ራሳቸው ትንሽ አሰብ አድርገው «ወንድ ትርፍ ካለ…» አሉ። እንዲያ ባለ ቀን ሳቅ ቢመጣብኝ አፌን በነጠላዬ ያዝኩት።

ስድስት ነበሩ፤ ሦስት ወንድ፣ ሦስት ሴት። የአንድ ቀን ቡችላ ያለ እናት አያድግምና እናቲቱ ተረፈች። ፍርዱን የተናገሩት አባቴ ናቸው። «እናቲቱና ወንዶቹ ከኮረብታው ግርጌ ይቆዩ። ሴቶቹ ዛሬውኑ ውሃ ይግቡ። ጥፋቱ ከቤቴ ነው፤ ቄሰ ገበዝነቱን ከመስቀል በኋላ ለሌላ ስጡ። ሴቶቹን የምትጥላቸው ልጄ ናት፤ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ» አሉ። ሃያ ሁለት ዓመት የያዙትን ሹመት እንዲያ በአንድ ትንፋሽ ሲለቁት ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የተባለውን አላስታውስም። ሦስቱን በእንቅብ አድርጌ ተነሣሁ።

ሕዝቡ ከላይ ቆሞ ያያል። ዝናቡ ያን ሰዓት አባርቶ ነበር፤ ፀሐይ እንኳ ወጥታለች። ከውሃው ዳር ስንደርስ አባቴ ወፍራሙን ጋቢያቸውን ከትከሻቸው አውርደው አለበሱኝ። «ልበሺው፤ በደንብ ተከናነቢ» አሉኝ። ሳይበርደኝ ለምን እንደሆነ አልገባኝም፤ ሰው ፊቴን እንዳያይ አዝነውልኝ ነው ብዬ ተከናነብኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞሩና ቀስ እያሉ ጸሎት ይደግሙ ጀመር። እኔ መልኬን ማየት አስጠልቷቸው ነው አልኩ። ተናደድኩ። ሁለት ወር ተሸክሜ ያመጣሁት ነገር ነው፤ ወንዛዬ ድረስ በእግሬ የሄድኩበት፣ የተሳቀብኝ፣ ወተት የሰረቅኩበት። ከሦስቱ አንዷ ግንባሯ ሰፊ፣ የጭራዋ ጫፍ ነጭ ነበር። እሷን መጨረሻ አደረግኳት። ክብደት የሚባል አልነበራትም፤ እጄ ላይ አፏን ከፍታ ጡት ፈለገች። ጣልኳት።

ጸሎታቸው ገና አላለቀም ነበር። እንቅቡን ይዤ ቆሜ ጠበቅኳቸው። ዘወር ሲሉ እንቅቡን አዩ፣ ቀጥሎ ጋቢውን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሁሉንም?» አሉኝ።

«ሁሉንም» አልኳቸው፤ ድምፄ ውስጥ እልህ ነበረበት።

«እሺ» አሉና ዳገቱን ቀድመውኝ ወጡ።

ወንዶቹ አድገው ተከፋፈሉ፤ አንዱን ወንዛዬ ላሉት ሽማግሌ ራሴ አደረስኩ። ሦስቱም ጎበዞች ወጡ ይባላል። ወንድ ውሻ ግን ብቻውን ዘር አይተካም። ሴቷን በሚቀጥለውም ዓመት፣ ከዚያም በኋላ ባለው ዓመት እየጎተትኩ ወሰድኳት፤ መንገዱን እሷም እኔም ጠላነው። አልያዘላትም። በሦስተኛው ክረምት ሞተች። ሁለተኛውን መሐላ ማልኩና፣ ጅቡ ሲጠና አፍርሼው ከወረታ መንገድ ዳር አንድ ውሻ አመጣሁ። እንደ ሁሉም ውሻ ጅብ ከሄደ በኋላ የሚጮህ ነበር። በዚያው በጋ ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ተበላ። አባቴ ከዚያ ወዲያ በሬያቸውን ከሌላ ሰው በሬ ጋር በመቀናጆ እያረሱ ኖሩ፤ የሰው ተራ እየጠበቁ፣ ዘር ሁልጊዜ እየረፈደባቸው። ጓያውም ሽምብራውም እርጥበት ካለፈው አያፈራም፤ ቤታችን ከዚያ በኋላ ጠግቦ አላደረም።

አባቴ ከማረፋቸው በፊት በነበረው ጥር፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደጅ ፀሐይ እየሞቅን ነበር። ጎረቤታችን ክዳን ያለው ቅርጫት ይዞ በደጃችን ወደ ወንዙ አለፈ። ከቅርጫቱ ውስጥ የቡችላ ድምፅ ይሰማል። ከወረታ ያመጣሁት ውሻ ሲሰማ ጮኸ። አባቴ ሰውየውን በዓይናቸው ተከተሉት።

«የዚያን ቀን ጋቢዬን ለምን የሰጠሁሽ ይመስልሻል?» አሉኝ።

«ሰው ፊቴን እንዳያይ ነዋ፣ አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እናትሽ ብትሆን አንዷን ከብብቷ አግብታ ትመለስ ነበር። ሕዝብ ቆሞ እያየ አንዷን ተዪ ልልሽ አልችልም። ጀርባዬን ማዞር ግን እችል ነበር፤ አዞርኩልሽ። ጸሎቱንም እስኪበቃሽ ብዬ አስረዘምኩት።»

በዚያ በአንዲት ጋቢ ውስጥ በሬው ነበረ፣ የእሳቸው እርጅና ነበረ፣ የእናቴ ሥራ ሁሉ ነበረ።

«ደክሞኝ ነበር፣ አባዬ» አልኳቸው።

«አውቃለሁ» አሉ። «እኔም ደክሞኝ ነው እንጂ አንዲት ቃል ሹክ ብልሽ ምን ነበረ።»

ጎረቤታችን ገና ከወንዙ አልደረሰም ነበር። ጀርባው ይታየናል። ሁለታችንም እያየነው ተቀመጥን፤ እሳቸውም ጥሪው አላሉኝም፣ እኔም አልተነሣሁም። ሦስተኛውን መሐላ የማልኩት እዚያው እንደተቀመጥኩ ነው።